ፈረስ እየሳቡ በበቅሎ

ዛሬ ነሐሴ 1 ነው፤ ፍልሰታ ገባ። ከእንስሳት ጤና ኬላው በር ላይ ቆሜ ሽቅብ ሳይ ጮቄ የለም። ጉም ውጦታል። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ አሁንም አላባራም። የገበያ ቀን ስላልሆነ የታመመ ከብት ይዞ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ልጽፈው አስቤ ያቆየሁትን ነገር ዛሬ ልጻፈው።

ልክ በዛሬዋ ቀን፣ ነሐሴ 1 ቀን 1816 ዓ.ም.፣ ፔሩ ውስጥ ሁኒን በሚባል ሜዳ ላይ ሁለት የፈረሰኛ ጦር ተገናኘ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦገስት 6 ቀን 1824 መሆኑ ነው። በአንድ ወገን የስፔን ንጉሥ ጦር፣ በሌላ ወገን ደቡብ አሜሪካን ከስፔን ነፃ ለማውጣት የሚዋጋው የሲሞን ቦሊቫር የነፃነት ጦር። ውጊያው ቢቆይ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ጥይት አልተተኮሰበትም። ጦርና ጎራዴ ብቻ ነበር የሠራው። በመጨረሻ የንጉሡ ፈረሰኛ ሸሸ።

እኛ ጋ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነው። የጎጃም ፈረሰኛም በዚያ ዘመን ሥራ አልፈታም። ስለዚያ ሌላ ቀን።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ጮቄ ሥር፣ ቢቡኝ ውስጥ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ታሪክ ያገኘሁትም ፈረስ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚተነፍስ ሳነብ ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በስልኬ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ሁኒን ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ከአእምሮየ አልወጣም። ምክንያቱ ፈረሶቹ ናቸው።

መጀመሪያ ከፍታውን ልንገራችሁ። የሁኒን ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ማለት የጮቄ ጫፍ ማለት ነው። ጮቄን ጫፉ ድረስ የወጣ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ጓሳው አለ፣ ጅብራው አለ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድር ውርጭ አለ። ከቆላ የመጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ምግብ አይበላለትም፣ አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል። የፔሩ ሰዎች ይህን ሕመም ሶሮቼ ይሉታል። አሁን እዚያ ጫፍ ላይ ሰፊ ሜዳ ዘርጉ። ሁለት ሺህ ያህል ፈረስ አሰልፉበት። ከዚያ በሽምጥ ጋልቡ በሏቸው። ሁኒን ማለት ይህ ነው።

(በነገራችን ላይ እዚህ ደጋ ላይ ገብሱ ሲከዳን የሚያኖረን ድንች ትውልዱ ከዚያው ከአንዲስ ተራራ ነው። ፈረስን ደግሞ ወደዚያ የወሰዱት ስፔኖች ናቸው። የወሰዱት ፈረስ ዞሮ እነሱኑ አስወጣቸው።)

ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። እኔ ስቆጥር አፍንጫውን አላይም። ትንሽ ወደ ኋላ ዘወር ብየ እቆምና የጎኑን ጠርዝ ነው የማየው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዳገት በሽምጥ የወጣ ፈረስ ግን ጎኑ እንደ ወናፍ ይመታል። አፍንጫው ተበርግዶ ውስጡ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጆሮው ወደ ጎን ይረግባል። እንዲህ የሆነን ፈረስ ልጓም ብትስበው፣ በእርካብ ብትመታው፣ የሚሰጥህ ነገር የለውም። ጨርሷል።

ይህን የተማርኩት ኮሌጅ ገብቼ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። አባየ ዳማ ፈረስ ነበረው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ለጥምቀት ጉግስ ይጋለብበታል። በዚያ ዓመት አባየ ቀድሞ ሄዶ ነበርና ፈረሱን ወደ ሜዳው ይዤ እንድሄድ እኔ ታዘዝኩ። "ዳገቱን በእግርህ ውጣ፣ እሱን እየሳብኸው" ብሎኛል። እኔ ግን የሰፈሩ ልጆች እንዲያዩኝ ፈለግሁ። ከወንዙ ጀምሮ እስከ ሜዳው ድረስ ጋልቤ ወጣሁ። አባየ ተቀብሎኝ ወጣበት። ሁለት ዙር ሳይሞላ ዳማው ቆመ። ሌሎቹ ጥለውት ሄዱ። አባየ አልጮኸብኝም። ወረደ፣ የሆዱን ጠፍር ፈታለት፣ ጋማውን እያሻሸ ቆየ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ "ልጀ፣ ዳገት ላይ የጨረስኸውን ሜዳ ላይ አትጠይቀውም" አለኝ።

በዚያ ዓመት ጉግስ አልተጫወተም። ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

ስለዚህ የቦሊቫርን ዝግጅት ሳነብ ሆዴ ተላወሰ።

በፈረንጆቹ 1824 መጀመሪያ ላይ ቦሊቫር ፓቲቪልካ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሆዋኪን ሞስኬራ የሚባል ወዳጁ ሊጠይቀው ይሄዳል። ሲያየው ደነገጠ። ሰውየው ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ ግድግዳ ተደግፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ራሱን በሻሽ አስሯል። ጊዜውም መጥፎ ነው። አብዛኛው ፔሩ በስፔን ጦር እጅ ነው። ሞስኬራ "አሁን ምን ልታደርግ አስበሃል?" ይለዋል። ቦሊቫር በአንድ ቃል መለሰ፦ "ማሸነፍ!"

ይህችን ቃል ብዙ ሰው ያውቃታል። ሐውልት ላይ የምትጻፍ ዓይነት ናት። እኔን የያዘኝ ግን ከእሷ ቀጥሎ ያለው ነው። ሞስኬራ "እንዴት አድርገህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ያ የታመመ ሰው ምን አለ? ትሩሂዮ አካባቢ ጠንካራ ፈረሰኛ እንዲደራጅ አዝዣለሁ አለ። በኩዌንካ፣ በጓያኪልና በትሩሂዮ የፈረስ ኮቴ ብረት እንዲሠራ አድርጌያለሁ አለ። በአገሩ ያለ ደህና ፈረስ ሁሉ ለጦሩ እንዲሰበሰብ አዝዣለሁ አለ። ፈረሶቹ እንዲወፍሩም የአልፋልፋውን ማሳ ሁሉ ይዣለሁ አለ። ስፔኖቹ ከተራራው ከወረዱ በፈረሰኛ እመታቸዋለሁ፤ ካልወረዱ እኔ በሦስት ወር ውስጥ ተራራውን ወጥቼ እገጥማቸዋለሁ።

አልፋልፋ! በግብርና የሠራ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እኛ በየቀበሌው ለገበሬ ዝሩ፣ ከብታችሁን አብሉ እያልን የምንለምንበት መኖ ነው። ሰውየው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የሚያስበው ስለ መድፍ አይደለም። ስለ መኖና ስለ ኮቴ ነው። የእኛ ፈረሶች በአብዛኛው በባዶ ኮቴ ነው የሚሄዱት፤ ድንጋይ የበላው ኮቴ ስንቱን ፈረስ እንዳሰናከለ እኔ ምስክር ነኝ። ያን ሁሉ ድንጋያማ ተራራ ያለ ብረት መውጣት አይታሰብም ነበር።

ከዚያ ጉዞው መጣ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ጦሩ አንዲስን እያቋረጠ ወደ ሴሮ ዴ ፓስኮ ሄደ። መንገዱን አስቀድሞ ያዘጋጀው ሱክሬ የሚባል ወጣት ጀኔራል ነው። ማደሪያና ስንቅ በየቦታው አስቀምጧል። መንገዱ ግን መንገድ አይባልም፤ ገደል ለገደል የምትሄድ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን ፈለግ ናት። እዚያ ላይ ፈረሰኛው ፈረሱ ላይ አልተቀመጠም። እያንዳንዱ በበቅሎ ተቀምጦ ፈረሱን ይስባል። ፈረሱ ባዶውን ይሄዳል። ለምን? ለዚያች ለሦስት ሩብ ሰዓት። ይህን የምናውቀው አብሯቸው ከነበረው ከእንግሊዛዊው ጀኔራል ከዊሊያም ሚለር ነው።

ይህችን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። ምክንያቱም አዲስ ነገር አልነበረም። የእኛም አያቶች እንዲሁ ነበሩ። በቅሎ ለመንገድ፣ ፈረስ ለጦርነት። መኳንንቱ ሲዘምቱ በሰጋር በቅሎ ተቀምጠው የጦር ፈረሳቸውን ባልደራስ ይስብላቸው ነበር። ፈረሱ ላይ የሚወጣው ጦርነቱ ሲደርስ ነው። አያቴ "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" የሚለውን ተረት ሲሰማ፣ "ይደርስ ዘንድ አስቀድመህ አሳርፈው" ብሎ ይጨምርበት ነበር። እስከ ዓለም ዳርቻ ድረስ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ያው አንድ ነገር ላይ ይደርሳል።

በቅሎ ግን ስሟ አይነሳም። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ብለን እንተርትባታለን። ሁኒን ላይ ያንን ጦር ጫፍ ያደረሰችው እሷ ናት። ሐውልቶቹ ላይ ያለው ግን ፈረስ ብቻ ነው። ይህ ቅር ይለኛል።

ከውጊያው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ቦሊቫር ራንካስ በሚባል ቦታ ጦሩን ሰብስቦ ተናገረ። "ወታደሮች! ሰማይ ለሰው ከሰጠው ሥራ ሁሉ ትልቁን ልትፈጽሙ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓለምን ከባርነት ማዳን" አላቸው። የቆሙት ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው። ከቬኔዙዌላና ከኮሎምቢያ ሜዳ የመጡ ጦረኞች አሉ። ከቦነስ አይረስ አሉ፣ ከቺሌ አሉ፣ የፔሩ ልጆች አሉ።

እዚያ አካባቢ ቺንቻይኮቻ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። የንጉሡ ጦር አዛዥ ካንቴራክ ቦሊቫርን ፍለጋ በአንዱ ዳር ወደ ሰሜን ወጣ። ቦሊቫር ደግሞ በሌላው ዳር ወደ ደቡብ ወረደ። ተላለፉ። ካንቴራክ ቦሊቫር ከጀርባው ሊገባ መሆኑን ሲያውቅ በጥድፊያ ተመለሰ። ቦሊቫርም እንዳያመልጠው እግረኛውን ወደ ኋላ ትቶ ፈረሰኛውን አስቀደመ። ወደ ማታ ገደማ ሁኒን ላይ ተያዩ።

የነፃነቱ ፈረሰኛ ከሺህ አይበልጥም። የንጉሡ 1,300 ያህል ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቦታው ነው። የቦሊቫር ፈረሰኞች ወደ ሜዳው የሚወጡት በኮረብታና በረግረግ መካከል ባለች ጠባብ በር ነው። በአንድ ጊዜ ወጥተው መሰለፍ አልቻሉም። ካንቴራክ ይህን አየ። ሳይሰለፉ ልምታቸው ብሎ ፈረሰኛውን በሙሉ በሽምጥ ለቀቀው።

የመጀመሪያዎቹን ሰብሮ ገባ። የነፃነቱ ፈረሰኛ አዛዥ ማሪያኖ ኔኮቼያ ሰባት ቦታ ቆስሎ ወደቀና ተማረከ። ሚለር አመራሩን ያዘ፤ ግን የሚያዝበት ሰልፍ ፈርሷል። ሰው ሁሉ ተደባልቋል። ቦሊቫርም ነገሩ የተበላሸ መስሎት እግረኛው ወዳለበት ተመለሰ። የንጉሡ ፈረሰኛ አሸነፍኩ ብሎ የሚሸሸውን ማሳደድ ጀመረ።

እዚህ ላይ ጉግስ ያየ ሰው ያስብ። ጉግስ ላይ ከሁሉ የሚያሰጋው የሚሸሸው አይደለም፤ የሚያሳድደው ነው። ዓይኑ ፊት ላለው ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ዘንግ ሲሰነዝር ክንዱ ይነሳል፣ ጎኑ ይከፈታል። ጀርባውን ይረሳል።

ኢሲዶሮ ሱዋሬስ የሚባል የቦነስ አይረስ ሰው አንድ የፔሩ ፈረሰኛ ክፍል ይመራል። ጠባቧ ቦታ ላይ ገለል ብለው ቆመው ነበር። አሳዳጁ ሳያያቸው አለፋቸው። እዚህ ጋ የፔሩ ሰዎች ሲያወሩት የኖሩት ነገር አለ። ራሱሪ የሚባል መኮንን ትእዛዝ ሊያመጣ ወደ ጀኔራል ላ ማር ተልኮ ነበር። የተሰጠው ትእዛዝ ክፍሉን አድኑ፣ አትግቡ የሚል ነው። ራሱሪ ሲመለስ ግን የሆነውን አይቷል፤ አሳዳጁ ጀርባውን ሰጥቷል። ለሱዋሬስ "ጀኔራሉ ግባ ብሏል" አለው።

ሱዋሬስ ገባ። ከኋላ መታቸው። የሚሸሹትም ጩኸቱን ሲሰሙ ፈረሳቸውን መለሱ። ሚለር የተበተኑትን ሰበሰበ። አሳዳጁ መካከል ላይ ቀረ። በዚያ ሁሉ ውስጥ የሚሰማው የብረት ድምፅ፣ የኮቴና የሰው ጩኸት ብቻ ነው። የነፃነቱ ፈረሰኞች ጦር ረጅም ነበር፤ እሱም ጠቀማቸው። ኔኮቼያን ጓደኞቹ ከነነፍሱ አስለቀቁት። ሲመሽ የንጉሡ ፈረሰኛ እግረኛው ወዳለበት እየሸሸ ነበር። ቦሊቫር ያን የሱዋሬስን ክፍል "የሁኒን ሁሳሮች" ብሎ ሰየመው። ሁሳር ማለት ፈረሰኛ ነው። እስከ ዛሬ በፔሩ ጦር ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ የጦር ክፍል አለ።

የታሪክ ሰዎች ድሉን ለሱዋሬስ ይሰጣሉ፣ ለራሱሪ ይሰጣሉ። አልቃወምም። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሸሸ ፈረስ ተመልሶ እንደገና የሚያጠቃው በምን ጉልበቱ ነው? ያውም 4,000 ሜትር ላይ፣ ያውም ከሳምንታት ጉዞ በኋላ? አንድ ጊዜ ጋልቦ ሸሽቷል። ሲመልሱት እንደ ዳማው ቀጥ ብሎ መቆም ይችል ነበር። አልቆመም። ጉልበት ነበረው። ያ ጉልበት ከአልፋልፋው ማሳና ከበቅሎዋ ጀርባ የመጣ ነው ብየ አምናለሁ። በሙያየ የማምነው ይህንን ነው።

ሌላም የማልዘለው ነገር አለ። የንጉሡ ጦር ሲባል ሁሉም ከስፔን የመጣ አይምሰላችሁ። አብዛኛው የዚያው አገር ልጅ ነበር። ሁኒን ላይ በጦር የተዋጋው ወንድም ከወንድሙ ጋር ነው። ከቦሊቫር ወገን ወደ 150 የሚጠጋ ሰው ሞቶም ቆስሎም ወደቀ፤ ከንጉሡ ወገን የወደቀው ከዚያ ይበልጣል። የጎጃም ሰው ይህ ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

ካንቴራክ ከዚያ በኋላ ወደ ኩስኮ ሸሸ። በመንገድ ላይ ብዙ ወታደር ከዳው። ዲሴምበር 9 ቀን 1824 አያኩቾ ላይ ሱክሬ ዋናውን የስፔን ጦር ሰበረ። ሱክሬ ያኔ 29 ዓመቱ ነው። የንጉሡ እንደራሴ ላ ሴርና ቆስሎ ተማረከ። የእጅ መስጫውን ውል የፈረመው ያው ሁኒን ላይ በጥድፊያ የጋለበው ካንቴራክ ነው።

እኔ በየዓመቱ ጥር 23 ከተመቸኝ ወደ እንጅባራ እሄዳለሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው። አድዋ የዘመቱት ፈረሶች የሚታሰቡበት ቀን ነው፤ ማኅበሩም ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አልፈህ ቲሊሊን ስትሻገር በመንገዱ ግራና ቀኝ ፈረሰኛ ማየት ትጀምራለህ። ባለፈው ጊዜ ቲሊሊ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አየሁ። በጥቁር በቅሎ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው በግላስ ያጌጠ፣ ኮርቻው ላይ ሰው የሌለበት ቡላ ፈረስ ይስባሉ። መኪናው ቆሞ ስለነበር በመስኮት "አባባ፣ ለምን ፈረሱ ላይ አልወጡም?" ብየ ጠየቅኋቸው። መልሱን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት፤ ከአፋቸው መስማት ፈልጌ ነው።

"እሱ ሥራው ነገ ነው" አሉኝ።

ትናንት ማታ አባየ ጋ ደወልኩ። አሁን ሸምግሏል፤ ግን ፈረስ አላጣም፤ አንድ ውርንጭላ አለችው። የሁኒንን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስለ ተራራው ሲሰማ ዝም አለ። በበቅሎ ፈረስ እየሳቡ ስል "እንዴ! እንደኛው ናቸዋ!" አለ። ስለ ሱዋሬስ ስነግረው "ታዲያስ! ከኋላ ነው እንጂ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ቦሊቫር አልነበረም።

"ያ የሚያበሉት ሣር ምን ነበር ያልኸኝ?"

"አልፋልፋ።"

"እኛ አገር ይበቅላል?"

"ይበቅላል አባየ። ደህና አፈርና ውሃ ካገኘ አንዴ ዘርተህ ዓመት ዓመት ታጭደዋለህ።"

ትንሽ አሰበ። "ከጓሮ፣ ከጌሾው በታች ያለችው ቦታ ትበቃለች?"

"ለውርንጭላዋ ትበቃለች። ለላሞቹ ግን ጠዋት በጤዛው እንዳታበላቸው፤ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። አጭደህ፣ ትንሽ አጠውልገህ፣ ከድርቆሽ ጋር ቀላቅል።"

"እንግዲያ ዘሩን ይዘህልኝ ና" አለኝ።

አንድ ኪሎ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ለቡሄ።